ሰዲያ ያመጣችው ዘር

የኮፈሌ ገብስ ዛላ ሲያወጣ ከሩቅ ያስጎመጃል። የነኢደኦ ማሳ ግን ፍሬ አልያዘም፤ ዛላው ሲታሽ ጥቁር ዱቄት ብቻ ነው። ከዘር ጋር የሚተላለፈው የአረማሞ በሽታ መታው። ሻምሲያ የጠቆረ መዳፏን በልጇ በኢደኦ ሚስት በሰዲያ ፊት ዘረጋች።

«ከአባትሽ ቤት ያመጣሽው ዘር ነው ይሄ። ከአንቺ በፊት ገብሳችን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰዲያ ዘር ከማምጣቷ በፊት የአምናው የቤቱ ዘር ጠቁሮ በዓይኗ አይታዋለች። ግን ሻምሲያ ለኢደኦ የተመኘችው የወንድሟን ልጅ ነበር፤ ይቺን አንድም ቀን ወዳት አታውቅም።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። አባ ገነሞ ፈረዱ።

«ከአባቷ አዲስ ዘር ታምጣና ለብቻው ይዘራ። ንጹሕ ከወጣ አፋችሁን ትዘጋላችሁ። ከጠቆረ ወደ አባቷ ትሂድ። ልጁ ግን የአባቱ ነው፣ ይቀራል።»

ልጁ ነጂብ ገና ጡት አልጣለም።

አባቷ ዘሩን አበጥሮ፣ ለቅሞ ሰጣት። በመዝሪያው ቀን ሻምሲያ ፈገግ ብላ መጣች።

«በዚህ ቤት ደንብ ዘር ወደ ማሳ የምትሸከመው አማት ናት። አምጪው ልጄ፣ አንቺ ሕፃን አዝለሻል።»

ልጄ ብላት አታውቅም። ሰዲያ ሆዷ ባባና ሰጠቻት። አማቷም ዘሩን ወደ ራሷ ስልቻ ገለበጠችው፤ የአምናው የጠቆረ ዘር የከረመበት ስልቻ ነው።

ማሳው ላይ ኢደኦ የመጀመሪያውን እፍኝ ሲዘግን መዳፉ ጠቆረ። ሰዲያ አየች። ዘር ሲዘራ ሴት ከተናገረች በረከቱ ይሄዳል ይባላልና ምላሷን ነክሳ ቆመች። ምነው በጮኸች! ወደ ቤት ሲመለሱ የስልቻውን ነገር ለባሏ ነገረችው።

«እናቴን ምቀኛ ልታደርጊያት ነው?» አለና ጥሏት ሄደ።

ዛላው ወጣ፤ ጥቁር ነው።

ሰዲያ ልጇን አዝላ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሻምሲያ ከኋላዋ መጥታ የአንቀልባውን ጠፍር ፈታች። ነጂብ ማልቀስ ጀመረ።

«እማ፣ ርቦታል። አንዴ ላጥባውና ልሂድ።»

«የላም ወተት አለ» አለች ሻምሲያ ልጁን ታቅፋ። «ከዛሬ ይልመድ።»

ኢደኦ በረት ውስጥ ነበር። አልወጣም።