ከኦብሪ ጣሪያ በታች

በዚያ ዓመት የባሌን ስም ያነሳ ሁሉ ምራቁን ይተፋ ነበር። «ነፍሰ ገዳዩ ኦብሪ» ይሉታል። እኔ የኖራ ባልዲ ተሸክሜ በአጠገባቸው ሳልፍ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም። ዝም ብዬ የማልፍ ሴት ደግሞ አይደለሁም። አንዱን ሱፍ ነጋዴ ገበያ መሃል ጨምድጄ ይዤው ጎረቤት ነው ያላቀቀን።

ኦብሪ የካቴድራላችን ዋና ግንበኛ ነበር። አያቶቻችን የጀመሩት ቤተ ክርስቲያን ከመቅደሱ በቀር አልቆ ነበር፤ የአሚያን ከተማ ሰዎች ከኛ ከፍ ያለ ጣሪያ ሠሩ መባሉን ሲሰማ ግን እንቅልፍ አጣ። የመቅደሱን ጣሪያ ከሁሉም አስበልጦ ነደፈው። ግድግዳውን አቅጥኖ በመስኮት ሞላው፤ ክብደቱን ደግሞ በውጭ በኩል በሚደግፉት የድንጋይ ክንዶች ላይ ጣለው። ሰዎች «ይሄ ሁሉ በምን ይቆማል?» ሲሉት «በክርኑ» ብሎ ይስቅባቸው ነበር።

የድንጋይ ጣሪያ ሲሠራ መጀመሪያ ከሥሩ የእንጨት ቅስት ይቆማል። ድንጋዩ በላዩ ይደረደራል፤ ኖራው እስኪጠነክር ድረስ እንጨቱ ይሸከመዋል። ከዚያ በኋላ እንጨቱን ወጥረው የያዙት ሽብልቆች እየተመቱ ይወጣሉ፣ እንጨቱ ዝቅ ይላል፣ ድንጋዩም እርስ በርሱ ተደጋግፎ ብቻውን ይቀራል። ወይም አይቀርም። ለዚህ ነው ደንብ ያለን፤ ሽብልቁ እንዲመታ ያዘዘ ሰው ከጣሪያው ሥር መሃል ላይ ይቆማል። እሱ ሳይቆም አናጢ መዶሻ አያነሳም።

ያኔ ግን ማንም ሳይቆም መዶሻው ተነሳ። ኦብሪ ትኩሳት ይዞት በተኛበት፣ አንሶ የሚባለው ምክትሉ፣ ያ ስንት ጊዜ ከገበታዬ የአተር ሾርባ የጠጣው አንሶ፣ ለቅዱስ ሚካኤል በዓል ካህናቱን ደስ ላሰኝ ብሎ ኖራው ሳይደርቅ ሽብልቆቹን አስመታ። ራሱ በሩ ላይ ነበር የቆመው። ጣሪያው ሲወርድ ሦስት ድንጋይ ጠራቢዎች ከሥሩ ቀሩ። ኦብሪ ድምፁን ከአልጋው ሆኖ ሰማ፤ ምን እንደሆነ መንገር አላስፈለገንም። ሳምንት ሳይሞላው እሱም ሞተ። አንሶ ጥፋቱን በሬሳው ላይ ጫነና «ንድፉ ነው የፈጃቸው፣ ትዕቢተኛ ነበር» አለ። ከዚያም ቦታውን ወረሰ።

ወርሶስ ምን ሠራ? ያንኑ ንድፍ! ከራሱ ጭንቅላት የሚያወጣው ስላልነበረው የባሌን ጣሪያ ድንጋይ በድንጋይ መልሶ አስደረደረ። ኖራውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። በብርዱ ወራት ውርጭ እንዳይገባበት ግድግዳውን ጭድና ፍግ ስናለብስ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ደም ይወጣቸው ነበር። አሁን ግን ኖራው በጥፍር ቢቧጥጡት የማይፋቅ ሆኗል።

ሽብልቁ በሚመታበት ቀን ከተማው ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ ነበር። ሞልቃቃው አንሶ አዲስ ካባ ለብሷል። የአናጢዎቹ አለቃ ጎቤር፣ ሆዱ የቢራ በርሜል የሚያህል ሰው፣ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ጠበቀ።

«እሺ ጌታ አንሶ፣ መሃል ይግቡና እንጀምር» አለው።

«እኔ አስጨራሽ ነኝ እንጂ ነዳፊ አይደለሁም» አለ አንሶ። «ንድፉ የሟቹ ነው። የሚቆም ከሆነ እሱ ይቁም።»

«እንግዲህ መቃብር ወርደው ያምጡልና!» አለ ጎቤር። «እኔ ሰው ሳይቆም አልመታም። አንዴ መትቼ አይቻለሁ፤ እስከዛሬ ሟቾቹ እየጮሁብኝ ነው የምነቃው።»

ባልዲዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና «እኔ እቆማለሁ» አልኩ።

«አንቺ ኖራ አቡኪ?» አለ አንሶ።

«አዎ፣ እኔ ኖራ አቡኪዋ። ንድፉ የኦብሪ፣ ኖራው የኔ። ያንተ ምኑ ነው? ካባው ነው?»

የካህናቱ አለቃ አባ ኤሞን እጃቸውን ዘረጉ። «ልጄ፣ ሴት መቅደስ አትገባም።»

«አባቴ፣ ጳጳሱ ቅብዓ ቅዱሱን እስኪቀቡት ድረስ ይሄ መቅደስ ሳይሆን የሥራ ቦታ ነው። ትናንት አሸዋ የጫነች አህያ እዚህ መሃል ላይ ፋንድያዋን ጥላ ሄዳለች፤ እሷን ማን ከለከላት?»

አናጢዎቹ በሳቅ ፈነዱ። አባ ኤሞን አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔም ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት። ጎቤር ግን አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ኤርሳን እቴ፣ ተይ ይቅርብሽ። ቢወድቅስ?»

«ከወደቀ እውነታቸውን ነው ማለት ነው፤ ባሌ ነፍሰ ገዳይ ነበር ማለት ነው። ያንን አውቄ የት እገባለሁ? እዚያው ልቅር። ምታ!»

ገብቼ መሃል ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ምት አረፈ። ፈራሁ፤ አልፈራሁም ብል ማንም እንዳያምነኝ። እንጨቱ አቃሰተ፣ ከላይ የኖራ ብናኝ ዘነበብኝ፣ ጡጫ የሚያህል ፍርካሽ ትከሻዬን መትቶኝ ወደቀ። በር ላይ ሴቶች ጮኹ። ኦብሪ ጣሪያ ቦታውን ይዞ ሲረጋ ትንሽ ያጉረመርማል ይለኝ ነበር፤ ይሄ ማጉረምረም ይሁን መፍረስ ግን ከሥሩ ለቆመ ሰው አይታወቅም። ዓይኔን ልጨፍን ብዬ ተውኩት። ከገደለኝ እያየሁት ይግደለኝ አልኩ።

የመጨረሻው ሽብልቅ ወጣ። እንጨቱ ወረደ፤ በእሱና በድንጋዩ መካከል ብርሃን ገባ። ድንጋዩ አልተከተለውም። እላይ፣ አንጋጥጬ እስካየሁት ድረስ፣ የኦብሪ ጣሪያ ማንም ሳይዘው ቆሟል። እንባዬ ከኖራው ጋር ተቦካ።

ሕዝቡ ቦታውን በእልልታ ሲያናውጠው አንሶ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሁለት እጁን አነሳ። «እነሆ ሥራዬ!» አለ።

«የማን ሥራ?» አልኩት ከመሃል ሆኜ።

«አልቋል፣ አሁን ውጪልን።»

«አልወጣም። አንተ ና። እዚህ ቁምና የማን እንደሆነ ንገረኝ።»

«አውጧት!» አለ ወደ ዘበኞቹ ዞሮ። ዘበኞቹ እኔን ሳይሆን ጣሪያውን አዩ። አንዱ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። ጎቤር በወረደው እንጨት ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና «ጌታ አንሶ፣ ይሂዱ እንጂ፣ የራስዎ ጣሪያ አይደል?» አለ። እልልታው ቆመ። ሰው ሁሉ የአንሶን እግር ማየት ጀመረ።

አንሶ እስከ ዓምዱ ድረስ መጣና ቆመ። ጫማው ከዓምዱ አላለፈም። «የኦብሪ ነው» አለ በጥርሱ መሃል።

«አልሰማሁም። ጠጋ በል።»

አባ ኤሞንን አያቸው፤ እሳቸው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ከዚያ በኋላ መጣ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ፣ በየእርምጃው ወደ ላይ እያየ። ፊት ለፊቴ ሲቆም ላቡ በአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

«ጣሪያው የኦብሪ ነው» አለ።

«ያኔ እሱ አልጋ ላይ ሳለ፣ ኖራው ሳይደርቅ፣ ሽብልቁን ያስመታው ማነው?»

አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ ድንጋዩን። ቢዋሽ የሚወርድበት መስሎት ይሆናል።

«እኔ ነኝ» አለ በሹክሹክታ።

«ጮክ በል» አልኩት። «ከሞቱት የአንዱ እናት በሩ ላይ ናት፤ ጆሮዋ ደክሟል።»