የማኅተሙ ቦታ

ደብዳቤው ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ የመጣው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ዓለምሰገድ ፖስታውን ከፈተና ከማንበቡ በፊት የወረቀቱን የላይኛውን ጥግ አየ። በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ይመለስ» ተብሎ ተጽፎበታል። የመጨረሻዋ ፊደል እግሯ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል። ይህን የእጅ ጽሕፈት ያውቀዋል። የባፈና ነው።

ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ተነሣና ወደ መስኮቱ ሄደ።

የሚሠራበት ኤምባሲ የአገሩ አይደለም። ባሕር የሌላት፣ ካርታ ላይ በአውራ ጣት የምትሸፈን የአንዲት ትንሽ አፍሪካዊት አገር ነው። ክላፋም በሚባል የለንደን ሰፈር፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ በላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ተከራይታለች። በዓለም ላይ ያሏት ኤምባሲዎች አራት ብቻ ስለሆኑ አምባሳደሯ ለንደን ተቀምጠው ከግማሽ ዓለም ጋር ይጻጻፋሉ። የሰሞኑ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ጋር ነበር። ጎረቤቷ ወደ ባሕር የሚያወጣትን ብቸኛ የባቡር መስመር ዘግቶባታል። የሕፃናት ክትባት የሚጭነው አውሮፕላን አዲስ አበባ አርፎ ነዳጅ እንዲቀዳ ፈቃድ ትፈልጋለች። ጥያቄው አንድ ገጽ ነው። ለንደን ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

አምባሳደሩ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ሰፊ ትከሻና ትልልቅ እጅ ያላቸው፣ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው።

«ሚስተር ዓለም፣ አሁንስ ምን ጎደለ አሉ?»

«ምንም አላሉም፣ ክቡር አምባሳደር።»

«ታዲያ እንግሊዝኛችን አልጣማቸውም ማለት ነው?»

ዓለምሰገድ ወረቀቱን ሰጣቸው። የጎደለውን ያውቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። የዚህ ኤምባሲ ማኅተም የሚመታው በገጹ ግርጌ፣ በግራ በኩል፣ ከፊርማው ርቆ ነው። አዲስ አበባ ዓለምሰገድ አሥራ ሁለት ዓመት በሠራበት መሥሪያ ቤት ግን የፊርማውን ጅራት ያልነካ ማኅተም ማኅተም አይባልም፤ ደብዳቤውም ደብዳቤ አይባልም። አሁን ለንደን፣ የኢትዮጵያ ኤምባሲ መዝገብ ቤት ያለው ባፈና ያኔም እዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነበር። በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ደብዳቤ በመመለስና ግልባጭ በማብዛት። ለአንዲት ደርዘን እርሳስ መጠየቂያ እንኳ ለአምስት ክፍል ግልባጭ ያደርግ ነበር። ለዘበኛውም ግልባጭ ይድረሰው ብለው ይቀልዱበት ነበር።

ዓለምሰገድ ይህን ለአምባሳደሩ ያልተናገረው በእህቱ በኂሩት ምክንያት ነው። እሱ ከሰባት ዓመት በፊት ለሦስት ወር ሥልጠና ለንደን ተልኮ በዚያው ቀረ። ኂሩት ለዓይን ሕክምና ናይሮቢ ለመሄድ የመውጫ ቪዛ ጠይቃለች፤ ቅጹም ላይ «ወንድሜ የት እንደገባ አላውቅም» ብላ ፈርማለች። ውሳኔው በዚህ ወር ይሰጣል። ወንድሟ ለንደን፣ ያውም የሌላ መንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ መኖሩን አንድ ሰው ሪፖርት ካደረገ፣ ቪዛው መቅረቱ ብቻ ሳይሆን በሐሰት ፈርማለች ተብላ ትታሰራለች። ማኅተሙን እንደ አዲስ አበባ ወግ ቢመታው ደግሞ ባፈና ያውቃል። በዚያች ቤት ውስጥ የእኛ ሰው አለ ይላል።

«ክትባቱ እስከ መቼ ይቆያል?» ብሎ ጠየቀ።

«በረዶ ቤት ነው ያለው። ሐኪሞቹ ከወሩ መጨረሻ አያልፍም ብለዋል።» አምባሳደሩ የተመለሰውን ወረቀት ብርሃን ላይ አንሥተው አዩት፤ መልሱን እዚያ የሚያገኙት ይመስል።

ዓለምሰገድ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ፤ የማኅተሙን ክዳን ከፍቶ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው።

«ክቡር አምባሳደር፣ ማኅተሙ ቦታውን ስቷል» አለ።

ሦስተኛው ደብዳቤ በዚያው ቀን ሄደ። የማኅተሙ ክብ የፊርማውን ጅራት አንድ ጣት በማይሞላ ስፋት ነክቶ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ። ፈቃዱ ተሰጥቷል። ጓድ ባፈና ሐሙስ ዕለት የፈቃዱን ሁለት ቅጂ ይዞ ይመጣል፤ እርሱ ባለበት ይፈረማል፤ እርሱ ባለበት ማኅተም ይመታል።

ዓለምሰገድ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሄዶ ለአምባሳደሩ ሁሉንም ነገራቸው፤ ባፈናን፣ ኂሩትን፣ ቅጹን።

አምባሳደሩ ብዙ አልጠየቁም። «ጎረቤት መፍራት ምን እንደሆነ ለእኔ አይነገርም» አሉ። «ሐሙስ አይምጡ። ግን ማኅተሙን ማን ይመታል?»

«እርስዎ።»

«እኔ? እኔ እኮ ምስማር እንኳ ስመታ ጣቴን ነው የማገኘው!»

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ተለማመዱ። ዓለምሰገድ አርባ ባዶ ወረቀት ቆጥሮ፣ አንድም እንዳይጠፋ በየጥጉ ቁጥር ጻፈበት። አምባሳደሩ ይፈርማሉ፤ ይመታሉ፤ ይስታሉ። ስድስተኛው ተገለበጠ። አሥራ አንደኛው ፊርማውን ጭራሽ ዋጠው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ማኅተሙ ሽቅብ ሸሸ፤ ዓለምሰገድ ትዕግሥቱ አልቆ እርሳሱን አነሣና ቀስት አሥምሮ ከጎኑ ማረሚያ ጻፈ፤ ድሮ ጀማሪዎችን የሚያርመው እንዲያ ነበር። ከሠላሳኛው በኋላ የአምባሳደሩ እጅ ልኩን አገኘ። የመጨረሻዎቹ አምስቱ እንከን አልነበራቸውም። ወረቀቶቹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈና ቁልፉን ለአምባሳደሩ ሰጥቶ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ሆሎዌይ ሰፈር፣ ክፍል በተከራየባት ቤት ኮሪደር ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። የቤቱ ባለቤት እትዬ ርግበ፣ አሥመራ አማርኛ ትምህርት ቤት የተማሩ አሮጊት፣ ከማድ ቤት አንገታቸውን አወጡ።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ? ምንጣፌን ጨረስከው እኮ!»

«ዕረፍት ወስጄ ነው፣ እትዬ ርግበ።»

«ዕረፍት ይሄ ከሆነ ሥራው ይሻልሃል። በል ውጣልኝ። አውቶቡስ ላይ ተቀመጥ፣ እሱ ይዙርልህ።»

እንዳሉት አደረገ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ዊልስደን ድረስ ሄዶ፣ ከላይኛው ፎቅ ሳይወርድ ትኬት እንደገና ቆርጦ ተመለሰ። በየፌርማታው ሰዓቱን ያያል። አሁን ገብቷል። አሁን ተቀምጧል። አሁን ሻይ ቀርቦለታል። አሁን የማኅተሙ ክዳን ተከፈተ። አንድ ጊዜ ከኋላው አማርኛ የሰማ መስሎት ዞረ፤ ሁለት የአየርላንድ ሴቶች ነበሩ።

አሥር ሰዓት ላይ ክላፋም ደረሰ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። አምባሳደሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁት፤ ፊታቸው በርቷል።

«ሁለቱንም! ሁለቱንም ልክ ጅራቱ ላይ! ሰውየው መነጽሩን አውልቆ አየና 'ይህን ማን አስተማራችሁ?' አለኝ። 'እርስዎ ራስዎ፤ ሁለት ጊዜ መልሰውብን እንዴት አንማር!' አልኩት።»

ዓለምሰገድ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። ቅጂውን ተቀብሎ አየ። ጥቂት ዞሯል እንጂ ቦታውን አልሳተም። ከዚያ የመለማመጃ ወረቀቶቹን ሊያቃጥል መሳቢያውን ከፍቶ ቆጠረ። ሠላሳ ዘጠኝ። እንደገና በየቁጥራቸው ደረደራቸው። ከአሥራ ስድስት ቀጥሎ አሥራ ስምንት ነው።

«አሥራ ሰባተኛው የት ሄደ?»

«እሱን ለጓድ ባፈና ሰጠሁት» አሉ አምባሳደሩ፣ ገና ከደስታቸው ሳይወጡ። «ምን ያህል እንደለፋሁ ላሳየው ብዬ። በጣም ሳቀ። ኋላ ግን ትኩር ብሎ አየውና ለማስታወሻ ልውሰደው አለኝ።»

ዓለምሰገድ የቀሩትን ወረቀቶች አስቀመጠ። ከቀስቱ ጎን በእርሳስ የጻፈው አሁን ፊቱ ድቅን አለ፤ «ጅራቱን ይንካ።» በአማርኛ። በገዛ እጁ ጽሕፈት፤ ባፈና አሥራ ሁለት ዓመት ባነበበው።

አምባሳደሩ የሆነው ሲገባቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

ዓርብ ስልክ በጮኸ ቁጥር ዓለምሰገድ ብድግ ይል ነበር። ቅዳሜ ለኂሩት የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው ራሱ ቢያዝስ ብሎ ቀደደው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ክትባቱ በአዲስ አበባ አልፎ አምባሳደሩ አገር መግባቱን የሚገልጽ ቴሌክስ ደረሰ። አምባሳደሩ አነበቡትና ዓለምሰገድን ቀና ብለው ሊያዩት አልደፈሩም።

እኩለ ቀን ላይ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሾፌር አንድ ቡናማ ፖስታ ለጥርስ ሐኪሙ ጸሐፊ ሰጥቶ ሄደ። ስም የለበትም። «ለሚመለከተው» ይላል፣ በአማርኛ።

ዓለምሰገድ በሩን ዘግቶ ከፈተው። ውስጡ ቁጥር አሥራ ሰባት ነበር። የአምባሳደሩ ፊርማ አለ። የሸሸው ማኅተም አለ። ቀስቱም አለ። ከቀስቱ ጎን ያለው ጽሑፍ ግን በላጲስ ጠፍቷል፤ ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል። አብሮት አንዲት አጭር መሸኛ ተያይዛለች፤ የመጨረሻ ፊደሎቿ እግራቸው ወደ ውስጥ የተቆለመመ።

«አንድ ገጽ ተመላሽ ሆኗል።
ኢትዮጵያ ትቅደም።
ግልባጭ፦ የለም።»

የመጨረሻውን መስመር ደጋግሞ አነበበው። ባፈና ግልባጭ የሌለው ወረቀት ሲጽፍ አይቶ አያውቅም።

የገቢ መዝገቡን ሳበ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ወረቀት ሁሉ፣ የጥርስ ሐኪሙ የውሃ ቅሬታ ሳይቀር፣ በቁጥርና በቀን ተመዝግቧል። ብዕሩን አንሥቶ የሚቀጥለውን ቁጥር ጻፈ። ቆየና ቁጥሩን ሰረዘው። መሸኛዋን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና መዝገቡን ዘጋ። ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ደግሞ ተነሣ።