ገበር ያለው ዳንቴል

ፈሂማ የኮምፒውተር ማልበሻውን ዳንቴል መሥራት የጀመረችው በ1991 ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እናቷ ሪሀና፣ ልጃቸው ከሥራ ተባርራ እቤት ከዋለች ወዲህ እጇ ሥራ በመያዙ ደስ አላቸው። ከሥሩ ወፍራም የከፋይ ገበር ስትሰፋበት ሲያዩ ግን፣ ዳንቴል የሚያምረው ውስጡን ሲያሳይ ነው ብለው ተከራከሯት። አቧራ እንዳያስገባ ነው አለቻቸው። አየር እንዳያስገባ መሆኑን አልነገረቻቸውም።

ኦሎምፒያ አጠገብ በአቶ ረታ ኮምፒውተር መደብር ቴክኒሻን ነበረች። እዚያ ሳለች የራሷን ኮምፒውተር ለጨዋታ ያህል ከአቅሙ በላይ ታስሮጠው ነበር። ሴሌሮን የሚባለው ርካሽ ፕሮሰሰር ፍጥነቱ ሦስት መቶ ሜጋኸርዝ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ጃምፐር፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጠውን የፕላስቲክ ቆብ፣ ነቅሎ ጎን ወዳለው ቦታ ማሻገር አራት መቶ ሃምሳ ያደርሰዋል። ማዘርቦርዱ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ሴሌሮንን ስለማያውቀው፣ ሲበራ ስክሪኑ ላይ የሚጽፈው የውዱን የፔንቲየም ቱን ስም ነው። ፈሂማ በዚህ እየሳቀች ለረታ አሳየችው። እሷ ግን ክዳኑን ከፍታ፣ ማራገቢያ ደቅና ነበር የምትሠራበት፤ አለዚያ ይግላል።

ረታ ከነገረችው ሁሉ ይህችን ብቻ ረሳ። ያገለገሉ ማዘርቦርዶች እየገዛ ሴሌሮን ሰካባቸው፣ ክዳናቸውን በብሎን ጠርቅሞ በፔንቲየም ዋጋ ሸጣቸው። እሷ ይህን ያወቀችው የወይዘሮ አልጣሽን ኮምፒውተር እንድትጠግን ተልካ በሄደች ቀን ነው። ወይዘሮ አልጣሽ አትላስ አካባቢ፣ አባታቸው ጤፍ ያበቅሉበት በነበረው መሬት ላይ የጽሕፈት ትምህርት ቤት የከፈቱ ሴት ናቸው። ክዳኑ ሲከፈት ርካሹ ዕቃ ተገኘ። ረታ ተጠርቶ መጣና፣ ዋናውን ሰርቃ የቀየረችው ፈሂማ ናት አለ። ልታስረዳ ሞከረች፤ የሰማት የለም። ወይዘሮ አልጣሽ ቦርሳዋን ቀምተው በተማሪዎቹ ፊት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ማበጠሪያዋ፣ መስገጃ ሻሿ፣ ሞዴሷ ወጣ። ወንዶቹ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ከቦሌ እስከ ኦሎምፒያ ኮምፒውተሩን የሚያስነካት ጠፋ። ሌባዋ ተባለች። ረታ ግን ለወይዘሮ አልጣሽ «እውነተኛ» ያለውን ሌላ ኮምፒውተር አስገባላቸውና ተመሰገነ። መደብሩ ውስጥ አንድም እውነተኛ ፔንቲየም ቱ እንዳልነበረ ፈሂማ ታውቃለች። አዲሱም ቢሆን የሚሠራው የክረምቱ ብርድ ደግፎት ነው አለች በልቧ፤ መርፌዋንም አነሳች።

የትምህርት ቤቱ ምረቃ መስከረም ላይ፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን በሚያግልበት ከሰዓት በኋላ ሆነ። ኮምፒውተሩ መድረኩ ላይ ቆሞ የተመራቂዎቹን የምስክር ወረቀት አንድ በአንድ ያትማል። ረታ በሙሉ ልብስ፣ የቆዳ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ አጠገቡ ተቀምጧል። ፈሂማ ዳንቴሉን በሁለት እጇ ይዛ ገባችና ለእርቅ መጣሁ አለች። ወይዘሮ አልጣሽ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዳንቴሉን ተቀብለው ኮምፒውተሩን እንደ ሙሽራ አለበሱት፤ ጫፉ እስከ ጠረጴዛው ወረደ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«እትዬ፣ ለጊዜው ይነሳ» አለ ረታ።

«ምን አደረገህ?»

«አቧራ... አቧራ ይይዛል።»

«አንተ ደግሞ! ለአቧራ አይደል እንዴ የሚለበሰው?»

አዳራሹ ሳቀ። ረታ ከኋላ በኩል ጫፉን ቀስ ብሎ ገለጥ ሲያደርግ፣ ወይዘሮ አልጣሽ እጁን መታ አድርገው መልሰው አለበሱት። በአንድ ቃል ማሽኑን ማዳን ይችል ነበር፤ ይግላል ቢል በቂ ነው። ለምን እንደሚግል ግን መናገር ሊመጣ ነው። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ፈሂማ ከፊት ወንበር ሆና መሐረቡን ትመለከታለች።

አዝመራ የምትባል ተመራቂ የምስክር ወረቀት ግማሽ ላይ ሲደርስ ማተሚያው ቆመ። ስክሪኑ ባለበት ደርቆ ቀረ። አጥፍተው አበሩት፤ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ደረቀ። ወይዘሮ አልጣሽ ግራ ሲገባቸው ወደ ፈሂማ ዞረው፣ እስቲ አንቺ እዪው አሏት።

«ይቅርታ እትዬ፣ ይሄ እጅ የሌባ ነው ተብሏል። እሱ ይክፈተው።»

ረታ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ «ፈሂማ፣ ውጪ እንነጋገር» አላት።

«ሌባ ያልከኝ እዚሁ ነው።»

እስከዚያ ቀን አንተ ብላው አታውቅም።

ረታ ክዳኑን ከፈተ። ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ የጃምፐሯን ቆብ ነቅሎ ቀድሞ ወደነበረችበት እንዲመልሳት ነገረችው። ጣቱ የጋለውን ብረት ሲነካ ሸሸ፤ ሰው እያየው እንደገና ሰደደው። ማሽኑ ሲበራ ወይዘሮ አልጣሽ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ሦስት መቶ» ሲሉ አነበቡ። የትምህርት ቤታቸው ኩራት አራት መቶ ሃምሳ መሆኑን በቃሉ የማይወጣ ተማሪ አልነበረም። ይህን ማሽን ደግሞ ፈሂማ ነክታው አታውቅም፤ ጉርምርምታው ከኋላ ተነሣ።

ረታ ወለሉን እያየ፣ እሷ አልቀየረችም አለ። ፈሂማ አልሰማሁም አለች። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው።

ወይዘሮ አልጣሽ መጥተው እጇን ያዙ። «ልጄ፣ በምን ልካስሽ?»

መልሱ ክረምቱን ሙሉ ከክሩ ጋር ሲጠለፍ የቆየ ነው።

«የሱ ቦርሳ ይዘርገፍ።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም። የኔም ምንም አልነበረበትም።»

 ወይዘሮ አልጣሽ የቆዳውን ቦርሳ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ቁልፍ፣ ብሎን መፍቻ፣ ግማሹ የተዋጠ የጨጓራ ኪኒን፣ ማሰሪያዋ የተበጠሰ የትንሽ ሴት ልጅ ጫማ ወጣ፤ ለሊስትሮ ሊያሰፋት የያዛት መሆን አለበት። ወንዶቹ ያን ዕለት እንደሳቁት ሳቁ። ጫማዋ ተንከባልላ ከመድረኩ ወደቀች። ፈሂማ እጇን ልትዘረጋላት አለችና መለሰችው፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም። ረታ ተንበርክኮ የመጨረሻዋን ብሎን እስኪለቅም ጠበቀችው።

ከዚያ ተነሥታ ዳንቴሉን ወሰደች።

«ለእርቅ ነው ብለሽ አልነበር?» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

 ፈሂማ ገበሩን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችና ብብቷ ሥር ያዘችው። ገና ትኩስ ነበር፤ ኦሎምፒያ እስክትደርስ ጎኗን እያሞቃት ሄደ።