ለሱሃርኒ ቤት የተገዛ መብራት

ስልኩ ላይ የወጣው ስም የባሌ ስም አልነበረም። እኔ ያየሁት ግን የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዋርሲቶ የመብራቱን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። የተላከለትን ባለ ሃያ አሃዝ የመሙያ ቁጥር ቆጣሪው ላይ አንድ በአንድ ነካካ። ቆጣሪው አልቀበልም አለ። ደገመ፤ አሁንም እምቢ። ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩ፦ «ሱሃርኒ»።

ሱሃርኒ ጋሼ ዋርሲቶን የፈታችው ሚስቱ ናት። ለእሷ ቆጣሪ የተገዛ መብራት የእኛን ቆጣሪ አያበራም።

«የድሮው ቆጣሪ ቁጥር ነው። ስልኩ ራሱ ነው ያመጣው» አለ።

«ስሟን አልጻፈም?»

«ስም ማን ያያል? እኔ የማየው ቁጥር ነው።»

እውነቱን ነው። የባል ታላቅ ወንድም አሳድሩኝ ሲል እምቢ አይባልምና እኛ ቤት ከገባ አራት ወሩ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰማያዊ ደብተር ይዞ ይዞራል። አምፖል፣ አስር ዋት፣ በቀን አምስት ሰዓት። ቬንቲሌተር፣ አርባ አምስት ዋት። ልጄ ላራስ ማታ ስታጠና በሯ ላይ ቆሞ «ይህቺ ልጅ በወር ስንት ሩፒያ እንደምታቃጥል ታውቂያለሽ?» ይለኛል። ሱሃርኒ አስር ዓመት እንዴት እንደቻለችው አላህ ይወቀው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ የምለውን አልጽፈውም።

ለመብራቱ የከፈለው መቶ ሺህ ሩፒያ ባሌ ክርስኖ ቅዳሜ ከመርከብ እስኪወርድ በእጃችን የነበረው ሁሉ ነው። ላራስ ደግሞ በዚያው ምሽት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት የነርሶች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለባት። የምትፈተነው በላፕቶፕ ነው፤ የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ከሶኬት ከተነቀለ ይጠፋል። ፈተናው ከተቋረጠ ደግሞ ተመልሶ አይከፈትም። ጎረቤት እንዳትሄድ፣ ካሜራው ሌላ ሰው ካየ ይሰርዛታል፤ በዚህ ሰፈር ባዶ ክፍል ያለው ቤት የለም።

ቆጣሪው ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቀረ ይላል፣ ጢጢ እያለ።

«ጋሼ፣ ሱሃርኒ ዘንድ ይሂዱ። ቁጥሩን ይስጧትና ገንዘቡን ትመልስልን። በእግር ሩብ ሰዓት ነው።»

«እሷ ደጅ? በጨለማ ብቀመጥ ይሻለኛል።»

«እንግዲያው ደብተርዎን ያምጡት።»

ላፕቶፕ ስድሳ አምስት፣ የኢንተርኔቱ ሳጥን አስር፣ አንድ አምፖል አስር፤ ሰማንያ አምስት ዋት። በሁለት ሰዓት መቶ ሰባ። ለሺህ ሲካፈል ዜሮ ነጥብ አሥራ ሰባት።

«ሌላው ሁሉ ከጠፋ ይበቃል» አልኩ።

«አየሽ? አስተማርኩሽ!»

ዋትን በሰዓት ማባዛት ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩት ነው።

ፍሪጁን ነቀልኩ፤ የሩዝ ማብሰያውን፣ ቬንቲሌተሩን፣ ቴሌቪዥኑን። ጢጢታው እንዳይረብሻት ቆጣሪውን በፎጣ ጠቀለልኩት። ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሚመጣውን አሰብኩ። ትወድቃለች። ልብስ ፋብሪካ ትገባለች። ደብተር የሚይዝ ባል ታገባለች።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ፎጣውን ገለጥኩ። በሒሳቤ ዜሮ ነጥብ ሃያ መሆን ነበረበት። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስምንት ይላል።

ግድግዳ እየዳበስኩ ኩሽና ገባሁ። የመጠጥ ውሃ ማሽኑ ቀይ መብራት በርቷል፤ ውሃ እያሞቀ ነው ማለት ነው። ጋሼ ዋርሲቶ ጨለማው ውስጥ ቆሞ የኑድል ኩባያውን በሹካ ያማስላል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ራበኝ እኮ! ውሃ ብቻ ነው ያሞቅኩት።»

«ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት!» አልኩ፣ ላራስ እንዳትሰማ በሹክሹክታ። «ደብተርዎ ላይ የለም?»

«እሱማ የምጠቀምበት እኔ ነኝ» አለ። «ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?»

ማሽኑን ነቀልኩ። «ይውጡ። ወይ ሱሃርኒ ዘንድ ይሄዳሉ፣ ወይ ለክርስኖ እደውላለሁ።»

ታናሽ ወንድሙን ይፈራል። ኑድሉን ይዞ ወጣ።

እኔ ቆጣሪው ፊት ቆምኩ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት። ዜሮ ሦስት። ለሦስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው የላራስ በር ተከፈተ።

«ላክሁት፣ እማ።»

«ደርሷቸዋል?»

«ደርሷል ይላል።»

«ይላል ነው እንጂ…»

«እማ!»

ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት ቀርቶናል። ለንጋቱ ሶላት አምፖል ማብሪያ ይሁን ብዬ ሁሉንም አጠፋሁ።

ጋሼ ዋርሲቶ ፌስታል አንጠልጥሎ ተመለሰ።

«ምን አለች?»

«ሳቀች።»

«ቁጥሩንስ?»

«እዚያው ፊቴ አስገባችው።»

«ገንዘቡስ?»

«የአስር ዓመት ስብከት ካሳ ነው አለች። ይህን ለሙርያቲ ስጣት ብላ ለአንቺ ልካለች።»

ፌስታሉ ውስጥ ሁለት ሻማ አለ። ሱሃርኒን ወደድኳት። አንዱን ለኮስኩ። እሱ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ ጎትቶ ደብተሩን ገለጠ።

«ሻማ ስንት ዋት ይሆን?» አለ።

የውጭውን በር ዘግቼ ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩት፤ እሱ ከውስጥ መሆኑ እያንገበገበኝ።