የአሥራ ዘጠኝ በጎች ጆሮ

የዘነቡ አውራ ጣት ቀለም ነክቷል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አላረፈም።

"እዚህች ክፍት ቦታ ላይ ነው፣ እትዬ ዘነቡ" አለ ትዕዛዙ በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳያት። "ሦስቱም ላይ አንድ አንድ ጊዜ። እኔም ሳይዘንብ ልውጣ።"

"ምን እንደሚል ሳላውቅ?"

"ነገርኩዎት እኮ።"

ነግሯታል። እሱ ፈለገ ደጋ የሚባል የልማት ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ዛሬ ጧት ከራቤል ከተማ በሞተር ብስክሌት ጭቃ ተለውሶ ነው የደረሰው። ድርጅቱ ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ ይቀበልና በየቀበሌው ላሉ የሴቶች ማኅበራት በግ እየገዛ ያከፋፍላል። በመስከረም ዘነቡ ለምትመራው ማኅበር ሃያ አራት ሴቶች ሁለት ሁለት ሴት በግ ሰጥቷል። ከዚያ ወዲያ የድርጅቱን ሰው ዓይን ያየ የለም። አሁን ሰኔ ገብቷል።

"ኦዲተሮች መጡብን" አለ እንደገና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ድጎማው በእናንተ እጅ አልፎ የደረሳቸውን ማኅበራት ሄዳችሁ አላያችሁም፣ የጉብኝት ሪፖርት የላችሁም ብለው ጻፉ። ግኝት ይሉታል። እስከ ዓርብ ካላስተካከልን ሁለተኛው ዙር ይታጠፋል። አርባ ስምንት በግ ነው፣ ከነአውራው። እኔም ከእንጀራዬ እነሳለሁ።"

"መጥታችሁ ነበር እንዴ?"

"መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ፤ ነዳጅ የለም። በልባችን ግን መጥተናል።"

"ልብህ ሲመጣ እኛ ቤት አላደረም።"

ትዕዛዙ ሳቅ ሊል ሞከረና ተወው።

የማኅበሩ አባል ጌታነሽ ከማኅበሩ መጋዘን በራፍ ላይ የሱፍ ባናዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። የደረሷት ሁለት በጎች ሁለቱም አልቀውባታል። "ኧረ አሳርፊለት ዘነቡ" አለች። "ጣት ነው፣ አይቆረጥ። እኛም በጋችንን እንቀበል።"

ዘነቡ ሁለተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው ከትምህርት ቤት የወጣችው። ፊደል ግን አልጠፋትም፤ አንድ በአንድ እየለቀመች ታነባለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንቢ ካለች ጥማድ በሬ አይጎትታትም ይሏታል። ከሦስቱ የጉብኝት ሪፖርቶች የመጨረሻውን ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋችና ባልተቀባው ጣቷ መስመሩን ተከትላ ሄደች። ትዕዛዙ ሰማዩን እያየ ጠበቀ።

"ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን..." አለች፤ ቆም እያለች ቀጠለች። "ሃያ አራቱም አባላት ቤት ለቤት ተጎብኝተው... አርባ ስምንቱም በጎች በሕይወትና በጤና መኖራቸው... ተረጋግጧል።"

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

"ጌታነሽ፣ ያንቺዎቹ መቼ ነበር የሞቱት?"

"ጠፍቶሽ ነው? አንዷ የካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት። ሌላይቱ በሳምንቷ።"

"እዚህ ሚያዝያ ላይ በሕይወት አሉ።"

"ፎርም ነው እትዬ" አለ ትዕዛዙ ፈጠን ብሎ። "ለሁሉም ማኅበር አንድ ዓይነት ነው የተጻፈው። ማንም ገብቶ አይቆጥርም።"

"ከቆጠረስ? ሚያዝያ በጤና የነበሩት በጎች በሰኔ የት ገቡ ካለስ? ጌታነሽ ሸጠች ነው የሚባለው ወይስ አርዳ በላች?"

ትዕዛዙ ይህን አላሰበውም ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ክፉ ሰው አይደለም። የፈራ ሰው ነው።

ዘነቡ ተነሥታ ከመጋዘኑ ማዕዘን ምሰሶ ላይ አንድ የጓሳ ሣር ገመድ አወረደች። ገመዱ ላይ የተሰኩት የበግ ጆሮዎች ናቸው፤ በአመድና በጨው ታሽተው እንደ አሮጌ ጫማ ደርቀዋል። እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ያላት ቢጫ ፕላስቲክ አለች። ፕላስቲኮቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ቀጭ ቀጭ አሉ።

በዚህ አገር የሰው በግ በርቢ የሚይዝ፣ ማለት አርብቶ ግልገሉን ከባለቤቱ ጋር የሚካፈል፣ በጉ ሲሞትበት ቆዳውን ወይ ጆሮውን ተሸክሞ ሦስት ቀን ሳያልፍ ባለቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። ያላደረሰ እንደ በላ ይቆጠራል። ፈለገ ደጋዎች ግን በጎቹን ሲሰጡ "ጆሮውን ቆርጣችሁ አስቀምጡ፣ በየሦስት ወሩ መጥተን እንመዘግባለን" አሏቸው። ታኅሣሥ ላይ በጎቹን የሚገድል ሳል ገባ። ዘነቡ ኔትወርክ ፍለጋ ገደሉ አፋፍ እየወጣች ስድስት ጊዜ ደወለች። እየመጣን ነው አሏት። እሷም ጆሮ እየሰካች ጠበቀች። አሁን የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ያባቷን ሥርዓት ትታ የሰው ቃል ይዛ መቀመጧ።

"አሥራ ዘጠኝ ነው። ቁጠር" አለችው።

"ባላየኋቸው ይሻለኝ ነበር።" ትዕዛዙ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "እሺ፣ ሦስተኛውን እለውጠዋለሁ። ሚያዝያ ላይ መጥተን አሥራ ዘጠኝ ሞተው አገኘን እላለሁ።"

"አግኝታችሁስ ምን አደረጋችሁ? መድኃኒት አመጣችሁ?"

አውቀን ተውነው ብሎ መጻፍ አላየንም ከማለት ይብሳል።

"የዛሬውን ጻፍ" አለች ዘነቡ። "ዛሬ መጣሁ፣ ከዚህ በፊት አልመጣሁም፣ አሥራ ዘጠኝ ጆሮ ቆጠርኩ በል። እሱ ላይ አሥሩንም ጣቴን አሳርፍልሃለሁ።"

"ያንን ይዤ ብገባ ግኝቱ እንዳለ ይቀራል። በጎቹም ለሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። ይወቁት፣ ኋላ አልሰማሁም እንዳይሉ።"

ጌታነሽ ከጆንያው ተነሣች። ባናውን ከአፏ አወረደችው።

"ሌባ ልባል" አለች። "ሌባ ተብዬ በግ ይኑረኝ። እውነተኛ ሆኜ በረቴን ንፋስ ሲጠርገው ከረመ።"

"ጌታነሽ..."

"ተይኝ። ያንቺዎቹ አልሞቱም፤ ወልደዋል። አራት ሆነውልሻል። ላንቺ እውነት ምን ይከብድሻል?"

እውነት ነው፤ የዘነቡ በጎች አራት ሆነዋል። ማንንም አልሰረቀችም፤ ግን ዛሬ ጧት ጥቁሯ ግልገል ስትቦርቅ አይታ ደስ ብሏት ነበር። ያ ደስታ አሁን አሳፈራት። አንድ ጊዜ ወደ ወረቀቶቹ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጌታነሽ ተመለከተች። ጌታነሽ አብራት ያደገች ናት፤ ሁለቱም አራስ ሆነው አንዷ የሌላዋን ልጅ አጥብተዋል። ማሳረፍ እኮ ቀላል ነው፤ ሦስቴ ጫን ማድረግ ነው።

አውራ ጣቷን ከግድግዳው ጭቃ ላይ አሸችው። ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ አልለቀቀም።

"ኦዲተሮቹ እስከ ዓርብ ራቤል ናቸው?"

"ናቸው።" ትዕዛዙ ቀና ብሎ አያት። "ምነው? ሊከሱኝ ነው?"

"የሞተ በግ ጆሮ ለባለቤቱ ይደርሳል፤ ባለቤቱ ገንዘቡን የሰጠው ነው። ታኅሣሥ ማድረስ ነበረብኝ፣ ዘገየሁ።" ገመዱን ጠቅልላ ከነጠላዋ ሥር ደረቷ ላይ አሰረችው። "በግ ለሞተባት ሁሉ መጀመሪያ ይሰጥ እላቸዋለሁ። ይሰሙኛል አይሰሙኝም አላውቅም።"

"አይሰሙሽም" አለች ጌታነሽ።

"እንግዲያውስ አይስሙኝ።" ሁሉም ሲወጡ ዘነቡ የመጋዘኑን በር ቆለፈች። "ካመሸሁ በጎቼን አስገቢልኝ።"

ሠላሳ ዓመት ሲባባሉት የኖሩት ነገር ነው። ጌታነሽ ባናዋን ተከናንባ ቁልቁለቱን ወረደች።

ካፊያው ጀመረ። ትዕዛዙ ሦስቱን ወረቀቶች አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሞተሩ ላይ ወጣ። ዘነቡ ከጎኑ መጥታ ቆመች።

"አፈናጥጠኝ።"

"እትዬ፣ በእኔው ሞተር?"

"በእግሬ ከሆነ ነገ ነው የምደርሰው። ግን እደርሳለሁ።"

ትዕዛዙ ሞተሩን አስነሣ። መሪውን እንደያዘ ጭጋጉን አየ። በኪሱ ያሉት ወረቀቶች፣ ራቤል ያሉት ሁለት ልጆቹ፣ ዓርብ። ከዚያ ዞር ሳይል ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ጠጋ አለላት።