በጃንሴት ላይ ያወራሁት

ሰው አሳፍሬ አውቃለሁ፤ ራሴ ማፈርን ግን የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። ባለፈው የብርድ ወራት መካ ዑምራ አድርገን ስንመለስ አንዲትን ልጅ ያላጠፋችውን አጠፋች ብዬ አውሮፕላን ሙሉ ሰው ፊት አወራሁባት። ጃንሴት ትባላለች። ልጄ ራካን ካፒቴን ነው፤ እሷ ከጎኑ የምትቀመጥ ረዳት አብራሪ ናት።

ሳላውቃት አወራሁ እንዳልል አውቃት ነበር። ራካን ከአማን አጠገብ ሳልት ከተማ ያለው ቤቴ መጥቶ፣ መንሰፍ፣ የእኛን ሩዝ በበግ ሥጋ፣ እየበላ ነግሮኛል። "ጎበዝ ልጅ ናት፣ እማ። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቷታል። አንድ መጥፎ ወረቀት ከመጣባት ግን ከዜሮ ትጀምራለች።" እኔም "ሴት ልጅን እዚያ ላይ ምን ሰቀላት" ብዬ ሥጋ ጨመርኩለት።

ጅዳ ላይ ስንሳፈር ራካን በሩ ላይ ቆሞ እጄን ሳመ። ሰው ሁሉ አየ፤ እኔም ሰው ሁሉ ማየቱን አየሁ። ከኋላዬ የባሌ እህት ኖፋ ነበረች፤ አርባ ዓመት ሙሉ በልጆቿ ስትኮራብኝ የኖረች ሴት።

"ራካን፣" አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "አክስትህ ሆዷ አይችልም። ደመና ውስጥ እንዳታንገጫግጨን፤ ከላይ ከላይ ውሰደን።"

"ኢንሻአላህ፣ እማ።"

"ኢንሻአላህ ብለህ አታምልጠኝ። እሺ በለኝ።"

"እሺ" አለ ሳቅ ብሎ።

ከላይ ከላይ ወሰደን። ብርጭቆ ውስጥ ያለው ሻይ ንቅንቅ አላለም። "እጁን አየሽ?" አልኳት ኖፋን። "አውሮፕላኑ ነው እንጂ" አለችኝ። ይህቺ ሴት ሰው ስታመሰግን ጥርሷን የሚነቅሏት ይመስላታል።

አማን ስንቃረብ ባንዴ ቁልቁል ወረድን። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ክንፉ ላይ ያሉት ሳንቃዎች ብድግ ብለው ተንቀጠቀጡ፣ ደመናው ናጠን። ከዚያ መሬቱ ታየ፤ ዝናብ ያጠበው መንገድ፣ የወይራ ዛፎች፣ ጣራዎች። ሰዉ ሊያጨበጭብ እጁን አዘጋጅቷል፤ የእኛ ሰው ጎማው መሬት ሲነካ ካላጨበጨበ የደረሰ አይመስለውም። ይሄኔ ሞተሩ አገሳ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተቀሰረ፣ መሬቱ ትቶን ሄደ።

አንዷ ሞት እንደመጣበት ሰው ሸሃዳ ማለት ጀመረች። ኖፋ ክንዴን ጨብጣ "ልጅሽ አየር ማረፊያውን ሳተው እንዴ?" አለችኝ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። "ራካን አይስትም" አልኩ፣ ሦስት ረድፍ እንዲሰማ አድርጌ። "ይሄ የዚያች ልጅ እጅ ነው። ሴት አስቀመጡበት፤ ምን ያድርግ?"

ከፊታችን የተቀመጠው አቡ ሃይሰም፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ዞር አለ። "ሴት ናት የምታበርረው፣ ሐጃ?"

"ያውም ተማሪ።"

"በእኛ ነፍስ ነው የምትማረው?"

ወሬው መጸዳጃ ቤቱ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ራካን በድምፅ ማጉያው ተናገረ፤ ለማረፍ ስላልተመቻቸን ዞረን እንመለሳለን፣ የሚያሰጋ ነገር የለም አለ። "ልጅቷን እየሸፈነላት ነው" አለ አቡ ሃይሰም። እኔም አላፈርኩም፤ "ደግ ነው፣ እንደ አባቱ" አልኩ።

በሁለተኛው አረፍን። ጎማው መሬቱን ጠበቅ አድርጎ መታው። ማንም አላጨበጨበም። አቡ ሃይሰም ከአስተናጋጇ የአስተያየት ወረቀት ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ጻፈ፣ ጻፈ።

ስንወጣ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመዋል። ጃንሴት ቀጭን ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። አቡ ሃይሰም ወረቀቱን ለአስተናጋጇ ሰጠና ወደ እሷ ዞሮ "ልጄ፣ ወጥ ቢያርርብሽ ሌላ ይሠራል። እኛን ማን መልሶ ይሠራናል?" አላት። ፊቷ ቀላ።

"ምን ሆነው ነው?" አለ ራካን።

"እናትህ ነገሩን እኮ። መጀመሪያ እሷ ስታበርር እንደሳተችው።"

ራካን አየኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ከሱቅ ሰርቆ የያዝኩት ቀን፣ እኔ ነበርኩ እሱን እንደዚያ ያየሁት።

"የማበርረው እኔ ነበርኩ፣ እማ። ከፍ ብዬ ቆየሁ፣ ዘግይቼ ወረድኩ፣ ፍጥነቴ በዛ። ሁሉም ነገር ልክ መሆን ያለበት ከፍታ አለ፤ እዚያ ስንደርስ ልክ አልነበርኩም። አንዱ ሲያበርር ሌላው ይጠብቀዋል። እሷ 'ወደ ላይ' አለች። ይህ ቃል ከተባለ ካፒቴንም ቢሆን አይከራከርም። ወጣሁ።"

"ያ ያንኮታኮተንስ?" አለች ኖፋ።

"እሱም እኔ ነኝ፣ አክስቴ። መንደርደሪያው እርጥብ ነው፤ ጎማው እንዲይዝ ጫን አድርጌ ነው ያሳረፍኩት።"

ከፍ ብሎ የቆየው ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ሰው ፊት አሳልፎ አልሰጠኝም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር። ኖፋ ስንሳፈር ያዘዝኩትን ሰምታለች፤ ከጎኔ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ወረቀቱን ቅደደው" አልኩት ቀስ ብዬ።

"መንገደኛ የጻፈውን ካፒቴን አይነካም። የራሴን ጥፋት እኔ እጽፋለሁ። ያወራሽባትን ግን አንቺው ነሽ የምታነሺው።"

ሻንጣ መቀበያው ጋ አቡ ሃይሰምን እጅጌውን ያዝኩት። "የጻፍከው ውሸት ነው፤ መልሰው።"

"እኔ የጻፍኩት እርስዎ ያሉትን ነው፣ ሐጃ" ብሎ የዘምዘም ውሃ ጀሪካኑን አንስቶ ሄደ።

የአየር መንገዱ ቢሮ እዚያው ነው፤ ገብቼ ስለ በረራው ቃሌን ልሰጥ ነው አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጎረምሳ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። "ይጻፉት፣ ሐጃ።" ኖፋ ተከትላኝ ገብታለች። እሷ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አርባ ዓመት ሙሉ ወረቀት ባሳየችኝ ቁጥር መነጽሬን ረሳሁ እላታለሁ። ያን ቀን መነጽሬ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል።

"መጻፍ አልችልም" አልኩ። "ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ።"

ጻፈ። የካፒቴኑ እናት ነኝ፤ ልጅቷ አልሳተችም፤ የሳተው ልጄ ነው፤ ከላይ ከላይ ውሰደን ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት ላለማፈር ብዬ በእሷ ላይ ዋሸሁ። ጎረምሳው እጁን አቆመ። "ይህቺ የልጅዎ ነገር ትግባ? እሱን ትነካዋለች።"

"ትግባ። እሱም ይጽፋታል።"

የቀለሙን ሳጥን ከፈተልኝ። አውራ ጣቴን ነክሬ ጫንኩ፤ የመጀመሪያው አሻራ ጭቃ የረገጠው መሰለ። ኖፋ ዝቅ ብላ "አንከባልለሽ ተጫኚው" አለችኝ። አልሳቀችም። ብትስቅ ይቀለኝ ነበር።

ስወጣ ጃንሴት ሻንጣዋን እየጎተተች ስታልፍ አገኘኋት። የጠቆረውን ጣቴን አየች። "ልጄ፣ ዋሽቼብሻለሁ። ተናግሬ አስጽፌያለሁ" አልኳት።

"ደህና ይግቡ፣ ሐጃ" አለችኝ በወጉ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ እና መንገዷን ቀጠለች። ይቅር አላለችኝም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልልም ነበር።