የአምስት ቀን መንገድ ወደ ነቀምት

ሽታዬ መርጋ ወደ ነቀምት የምትዛወርበትን ደብዳቤ በታይፕ የጻፈችው ራሷ ናት። የአምቦ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ረቂቁን ጠረጴዛዋ ላይ አኑሮ ቀና ብሎም ሳያያት ወጣ። ካርቦኑን አስተካከለች፣ በሦስት ኮፒ አወጣችው፣ ማኅተም እንዲመታበት ወሰደችው። ጊዜው 1980 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ነበር።

አምቦ ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ባሏ ሌታ ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው። ያላት አንድ ልጅ ጂራ ነው፤ እሱም ከሦስት ዓመት በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ደብዳቤው ከቆመ ዓመት ከአራት ወር አልፎታል። አሁን እሷ ስትሄድ የቀበሌውን ቤት ለሌላ ሰው ልታስረክብ ነው። ልጇ መጥቶ በሩን ቢያንኳኳ የማያውቀው ሰው ሊከፍትለት ነው።

ነቀምት በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሽታዬ ግን ለአምስት ቀን አቀደችው። እሑድ ጉደር፣ ሰኞ ጌዶ፣ ከዚያ እጃጂ፣ ከዚያ ባኮ፣ ሐሙስ ነቀምት። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢሮ ቆይታ ትንንሽ ወረቀቶች ላይ እንዲህ ብላ በታይፕ መታች፦ «ጂራ ሌታ፣ እናትህ ነቀምት ናት። መናኸሪያ ወርደህ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምትሠራውን ታይፒስት ጠይቅ።»

ጎረቤቷ ዱሬቲ ወረቀቶቹን አይታ ግራ ገባት።

«ለአምቦው እኔ አለሁ አይደል? ለጉደር፣ ለጌዶ ምን ያደርጋል?»

«ጠፍቶ ከሆነስ?» አለች ሽታዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከጦሩ ጠፍቶ የመጣ ልጅ አምቦ አይገባም። ሁሉ ያውቀዋል። በየገጠር ከተማው ነው የሚደበቀው።»

ዱሬቲ «እንግዲያው አብሬሽ ልሂድ። ብቻሽን በየከተማው ስታድሪ ጥሩ አይደለም» አለች።

«ብቻዬን ነው የሚሻለው። የተዛወረች ሠራተኛ ናት ብለው ያልፉኛል። ሁለት ከሆንን ማን ናችሁ፣ ወዴት ናችሁ ነው።»

የይለፍ ወረቀት የሚሰጡት የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ተሬፋ ነበሩ። አምስት ቀን ለምን እንዳስፈለገ ጠየቋት። በየከተማው የምትሰናበታቸው ዘመዶች እንዳሏት ነገረቻቸው። ጓድ ተሬፋ ጂራን ከሕፃንነቱ ያውቁታል፤ ለውትድርና የተመረጡትን ስም ዝርዝር የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም፤ ፈርመው ሰጧት።

እሑድ ጉደር ወረደች። ከድልድዩ አጠገብ ሱቅ ላላት ለሟች ባሏ ዘመድ አንዱን ወረቀት ሰጠቻት። ሴትየዋ ተቀብላ ከስኳር ከረጢቱ ጀርባ ሸሸገችው። «እግዜር ያምጣው» አለቻት። ሽታዬ እዚያው አደረች።

በማግስቱ ጌዶ ስትደርስ ደጋው በጭጋግ ተሸፍኗል። ለመሞቅ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ ሻይ ቤት ገባች፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሁሉን መንገደኛ የምታይ መሰለቻትና ወረቀቱን አሳየቻት። ሴትዮዋ ፊደል ቆጥራለች፤ ቀስ ብላ አነበበችው።

«ጂራ ሌታ? የአምቦው?» አለች። «ሞሲሳ ስሙን ሲያነሳ ሰምቻለሁ። ጦሩ ውስጥ አብረው ነበሩ መሰለኝ። ያውልሽ፣ ማዶ ልብስ የሚሰፋው።»

ሽታዬ ሻይዋን ሳትቀምስ ወጣች።

ሞሲሳ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ የስፌት መኪናውን በአንድ እግሩ ይረግጣል። የጂራ እናት መሆኗን ስትነግረው መርገጡን አቆመ። ክራንቹን ፈልጎ ሊነሳ ሞከረና መልሶ ተቀመጠ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» አለ በኦሮምኛ፤ እንደምን አሉ፣ እማማ እንደማለት። ሰላምታው ግን አላለቀም፤ አንገቱን ደፋ።

«ልጄ፣ አትደብቀኝ። በሕይወት አለ?»

«የለም፣ አዴ። ካቻምና ሰኔ ነው። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ።»

መርፌው የሰፋውን ጨርቅ እንደነከሰ ነበር። ሽታዬ ጨርቁን እያየች ቆየች፤ አንድ የተማሪ ካኪ ሱሪ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች በመጨረሻ።

«ከሆስፒታል እንደወጣሁ አምቦ መጥቼ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሰዎች እርስዎን አሳዩኝ። ሽንኩርት ይመርጡ ነበር። ከሻጯ ጋር ሲከራከሩ፣ ሲስቁ አየሁ። አቃተኝ። በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ።»

ሽታዬ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ብዙ ጠየቀችው፤ ሲሞት ምን እንዳለ፣ ማን እንደቀበረው። ሞሲሳ የሚያውቀውን ሁሉ ነገራት። ጌዶ አድራ በማግስቱ ወደ አምቦ ለመመለስ ከነቀምት የሚመጣውን አውቶቡስ ጠበቀች። ወደፊት ብትሄድ ነቀምት ውስጥ ማን ያለቅስለታል? አንድም ሰው መልኩን አያውቅም።

አምቦ ስትገባ በቀጥታ ዱሬቲ ዘንድ ሄደች። ዱሬቲ በሩ ላይ ስታያት ገና ሳይነገራት ጮኸች፤ መንደሩ ተሰበሰበ። የዱሬቲ ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ሰው ውጭ ቀረ። ያኔ ጉዴ የምትባል፣ ከሁለት ቀን በፊት በሽታዬ ቤት የገባች ወጣት ባለትዳር፣ አልጋዋንና ሣጥኗን ወደ ጓሮ አወጣች።

«ለቅሶው ባደገበት ቤት ይሁን» አለች። ሽታዬን አታውቃትም ነበር።

ጓድ ተሬፋ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ከመንግሥት የመጣ መርዶ የለም» አሉ። «ያለ ወረቀት ድንኳን መትከል አይቻልም። ከላይ እኔን ይጠይቁኛል።»

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጉርሙ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «ድንኳን አንተክልም» አሏቸው። «ቁጭ እንላለን እንጂ። ቁጭ ለማለትም ይለፍ ያስፈልጋል?»

ጓድ ተሬፋ ኮፍያቸውን አወለቁና ከግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። ሽታዬ አየቻቸው፤ አላባረረቻቸውም፣ አላናገረቻቸውም።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሙሾ አልወጣም፤ ሰው ድምፁን አፍኖ ነው ያለቀሰው። የጂራ አስተማሪ የነበሩት ሰው መጥተው ልጁ በሒሳብ ደካማ፣ በሩጫ ግን ቀዳሚ እንደነበረ ሲያወሩ፣ ሽታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

በአራተኛው ቀን በቀጥታው አውቶቡስ ነቀምት ሄደች። አዲሱ አለቃዋ ለምን እንደዘገየች ሲጠይቃት፣ «ታምሜ ነበር» አለችው፤ በጽሑፍ አስጠነቀቃት። ጥቁር ልብሷን ያዩ የሥራ ባልደረቦቿ ማን እንደሞተባት ሲጠይቋት፣ ከመንግሥት የመጣ መርዶ ስላልነበራት «ዘመድ» ትላለች። የጂራን ስም ሳትጠራ ሳምንታት ያልፉ ነበር። አንዳንድ ቀን ድምጿ ራሱ እንግዳ ይሆንባታል።

ለገና ዱሬቲ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ጂራ ብቻ አወሩ።